የጓንግ ውኃና የሰሊጥ አገዳ

በመተማ ቆላ ጥቅምት የሰሊጥ ወር ነው። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ በየማሳው ሂላ ሆኖ ይቆማል። ፀሐይ አድርቆት ሲከፈት ተገልብጦ ይራገፋል፤ ፍሬው በጆንያ ተሞልቶ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ውጭ ገበያ ይጓዛል። አገዳው ግን ፈላጊ የለውም። ጥቂቱ ለማገዶ ይለቀማል፤ ሌላው ለመጪው ክረምት ማሳ ለማጽዳት ሲባል በእሳት ይጋያል።

ይኸው ወቅት የወባም ወቅት ነው። ከደጋ ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ በእርሻ ካምፕ ዳስ ውስጥ ያድራል። ሲያተኩሰው ወይም ተቅማጥ ሲይዘው ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ የሥራ ቀኑም ውድ ነው። ስለዚህ ካገኘው ሱቅ ወይም መድኃኒት ቤት አራት አምስት ፍሬ ገዝቶ ይውጣል፤ ቀለል ሲለው ያቋርጣል። ሰውነት ደግሞ የዋጠውን መድኃኒት ሁሉ አይጨርሰውም። ከአሞክሲሲሊን ከግማሽ በላዩ፣ ከሲፕሮፍሎክሳሲን ወደ ግማሽ የሚጠጋው ባሕርዩን ሳይለውጥ በሽንት ይወጣል። ለከብት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊንም ብዙው ክፍሉ እንዲሁ ሳይለወጥ ይወገዳል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ሜዳ የቀረው ሁሉ ጎርፍ ሲመጣ መንገዱ አንድ ነው፤ ወደ ሸለቆው፣ ከሸለቆው ወደ ጓንግ ወይም ወደ ሽንፋ ወንዝ።

በከንቱ የሚነደው አገዳና ወደ ወንዝ የሚወርደው መድኃኒት ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው። አንዱን የግብርና ባለሙያ፣ ሌላውን የጤና ባለሙያ ይመለከተዋል። ይህ ሐተታ ግን ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለባቸው ይላል። አገዳው በአግባቡ ከተከሰለ የመድኃኒቱን ቅሪት ከውኃ ላይ ሊይዝ ይችላልና።

አንድ ካፕሱል በአንድ ቦቴ

ጉዳዩ የባለጸጋ አገሮች ሥጋት ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) የታተመውን ትልቅ ጥናት ይመልከት። በእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ይህ ጥናት በ104 አገሮች በሚገኙ 258 ወንዞች፣ ከ1,052 ቦታዎች ናሙና ወስዶ 61 የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን ፈልጓል። ከሁሉ የከፋው አማካይ ክምችት የተገኘው በፓኪስታኗ ላሆር ነው። ሁለተኛዋ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ናት። ሦስተኛዋ የእኛዋ አዲስ አበባ ሆና ተገኘች። በአዲስ አበባ ወንዞች በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በአማካይ 51.3 ማይክሮ ግራም የመድኃኒት ቅሪት ተለክቷል።

ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ስለሆነ ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። በምናውቀው መስፈሪያ እንስፈረው። ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ካፕሱል ፈትተን 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ የውኃ ቦቴ ውስጥ ብንበትነው በእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው 50 ማይክሮ ግራም ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ወንዞች በየቦቴው አንድ ካፕሱል እንደተፈታባቸው ሆነው ይፈስሳሉ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር አንሥቶ ለጓንግ መስጠት ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ሚሊዮኖች ተጨናንቀው የሚኖሩባት፣ ፋብሪካና ሆስፒታል የበዛባት ከተማ ናት፤ መተማ ያለበት ምዕራብ ጎንደር ሰፊ ቆላ ነው። ሆኖም ቆላው የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ደፍርሶና ሞልቶ የሚጋልበው ጓንግ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ይሆናል፤ ሰውም ከብትም ከዚያው ኩሬ ይቀዳል፣ ይጠጣል። የሚያቀጥነው ጅረት ሲጠፋ በውስጡ ያለው ሁሉ ይወፍራል።

የሚጠቀምበትም ሕዝብ ወቅት እየጠበቀ ይጨምራል። በአጨዳ ወራት ከየደጋው የሚወርደው ሠራተኛ በነዋሪው ላይ ይታከላል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በድንበር ከተማዋ በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብተዋል፤ በዚያው ዓመት ክረምት መውጫ ላይ በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ካላ-አዛር የዚህ ቆላ ነባር በሽታ ነው፤ የተለመደው ሕክምናው ለ17 ቀናት በየቀኑ የሚወጉ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። በሽታ በበዛበት መድኃኒት ይበዛል። መድኃኒት በበዛበት ደግሞ ከሰውነት የሚወጣውም፣ ጊዜው አልፎ የሚጣለውም ይበዛል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት የመድኃኒት ቅሪት በሰው ጤና ላይ የጎላ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ እንደማይጠበቅ ገልጿል። ግን ድምዳሜው በአብዛኛው ያረፈው ፍሳሻቸውን አጣርተው በሚለቁ አገሮች መረጃ ላይ ነበር። በእነዚያ አገሮች ወንዞች የአንድ መድኃኒት መጠን ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ0.1 ማይክሮ ግራም አይበልጥም። የአዲስ አበባው የብዙ መድኃኒቶች ድምር መሆኑ እንዳለ ሆኖ ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ደግሞም የሚያሳስበው የሚጠጣው ሰው ብቻ አይደለም፤ በውኃው ውስጥ የሚኖረው ጀርምም ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በማይገድል መጠን ውኃ ውስጥ ሲቆይ ደካማውን አስወግዶ የተላመደውን ይተዋል። የተላመደው ይራባል፤ መላመዱንም ለሌላው ያወርሳል። በላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞቱትን በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። ወደ መተማ ስንመልሰው ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። ለከባድ ኮሌራ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊንና ለከብት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። በኩሬው ውስጥ አንዱን የለመደ ጀርም በሕመምተኛው አልጋ ላይ ሌላውን ሊቋቋም ይችላል።

ከሰል መድኃኒትን እንዴት ይይዛል?

ደረቅ ዕፅዋት አየር ባነሰበት ምድጃ ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጋሉ እርጥበቱና ጋዙ ይወጣል፤ የካርቦን አጽሙ ይቀራል። ይህን አጽም በእንፋሎት ወይም እንደ ፎስፎሪክ አሲድ ባለ ኬሚካል ሲያነቁት ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይከፈቱበታል። ባለሙያዎች አክቲቬትድ ካርቦን የሚሉት ይህን የነቃ ከሰል ነው። የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 1,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ሰባት ግራሙ፣ ማለትም ጥቂት የሻይ ማንኪያ ያህሉ፣ የኳስ ሜዳ ይሸፍናል።

በውኃው ውስጥ ያለው የመድኃኒት ሞለኪውል በዚህ ገጽ ላይ ሲያልፍ ይለጠፋል፤ ውኃው አልፎ ይሄዳል። ሁሉም መድኃኒት ግን እኩል አይለጠፍም። የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፍናክና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ከውኃው ይልቅ ወደ ከሰሉ ስለሚያደሉ በደንብ ይያዛሉ። ቴትራሳይክሊኖችም ለተስማማቸው ከሰል እጅ ይሰጣሉ። የስኳር ሕመም መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ግን ሞለኪውሉ ትንሽና ውኃ ወዳድ ስለሆነ አብዛኛው ያመልጣል። የነቃ ከሰል ትልቅ ረዳት ነው፤ ሁሉን ቻይ ግን አይደለም።

በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ይህን ከሰል ከባሕር አረም ለመሥራት ብዙ ደክመዋል። ምክንያት አላቸው። የባሕር አረም ፈጥኖ ያድጋል፤ የእርሻ መሬትም ሆነ የመስኖ ውኃ አይሻማም። በውስጡ ያሉት የፖታሲየምና የሶዲየም ጨዎች በምድጃው ውስጥ ራሳቸው ቀዳዳ ከፋች ስለሚሆኑ ከውጭ የሚጨመረውን ኬሚካል ያስቀንሳሉ። ናይትሮጅኑና ድኙ ደግሞ በከሰሉ ገጽ ላይ መድኃኒቱ የሚጣበቅባቸውን ቦታዎች ያበዛሉ። ጉድለትም አለበት። አመዱና ጨዉ ብዙ ስለሆነ መታጠብ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ዓይነት አርሴኒክ ስለሚያከማች ሳይመረመር አይታመንም።

በካሪቢያን ዳርቻዎች ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳርጋሰም የተባለ የባሕር አረም እንደ ጎርፍ እየመጣ ይከመራል፤ ሲበሰብስ ይሸታል፣ ቱሪስት ያሸሻል፣ ዓሣ አስጋሪውን ሥራ ያስፈታል። ተመራማሪዎቹ ይህን ዕዳ ሲያዩ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ በደጃችን ተትረፍርፎ የሚባክነው ነገር ለምን ይጠቅማል? ከባሕር አረሙ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመን ይህ ጥያቄ ነው።

ባሕር ለሌለው አገር

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። የባሕር አረም ከዛንዚባር አስጭኖ መተማ ላይ ማክሰል ገንዘብ ማባከን ነው። ጥያቄውን ግን ያለ ቀረጥ ማስገባት እንችላለን። ጣና ዳር ቢጠየቅ መልሱ እምቦጭ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን እየወረረ ያለው አረም በእጅና በማሽን ተለቅሞ ዳር ላይ ይከመራል። መተማ ላይ ቢጠየቅ መልሱ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገዳ ነው።

ሦስቱም አንድ አይደሉም። የጥጥ እንጨት ጠንካራና እንጨታማ ስለሆነ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል። የሰሊጥ አገዳ ቀላል ነው፤ ሆኖም ደርቆ፣ ተሰብስቦ፣ በአንድ ቦታ ተከምሮ የሚገኝ ስለሆነ የማጓጓዣ ወጪው ያነሰ ነው። የማሽላ አገዳ አብዛኛው ለከብት መኖ፣ ለቤትና ለአጥር ስለሚውል እሱን መሻማት ተገቢ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ሰሊጡና ጥጡ ናቸው።

ስሌቱም የሚያስፈራ አይደለም። ደረቅ አገዳ ሲከስል ከክብደቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ይቀራል፤ ሲነቃ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። የአንድ ማጣሪያ በርሜል ግማሽ ለመሙላት 50 ኪሎ ግራም ያህል ከሰል ቢያስፈልግ አራት ኩንታል አገዳ ይበቃል። ከአንድ ሄክታር የሰሊጥ ማሳ የሚተርፈው አገዳ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። በየዓመቱ በምዕራብ ጎንደር የሚታረሰውን የሰሊጥ መሬት የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ራሱ ያስላው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው በጥብቅ መከልከል አለበት፤ ለዚህ ሥራ ብሎ ዛፍ መቁረጥ። የመተማ ደን ያለዚያም ተጎድቷል። በመተማ አካባቢ በዕጣን ዛፍ ላይ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ነገሩ እንደነበረው ከቀጠለ የዕጣን ምርቱ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ፣ የዛፉ ቁጥር ደግሞ በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ እንደሚቀንስ አስጠንቅቋል። ቃጠሎ፣ የከብት ግጦሽና ዛፉን የሚጎዳ ነፍሳት ተጠያቂ ሆነው ተጠቅሰዋል። ውኃ ለማጥራት ደን የሚጨርስ ሥራ አንዱን ዓይን ለማዳን ሌላውን እንደማጥፋት ነው። አገዳውን ሰብስቦ ማክሰል ግን በማሳ ላይ የሚለኮሰውን፣ አንዳንዴም ወደ ጫካ የሚዘልቀውን እሳት ይቀንሳል።

በደጅ ያለውን ለውኃ ችግር መፍትሔ ማድረግ ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እንግዳ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት ከዚያ ተነሥተው ነው። ለሥራቸውም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል። ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ ግን 25 ዓመት አለ። እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደሌለው ዓለም በሚቀበለው ቤተ ሙከራ እስኪረጋገጥ ብዙ ዘመን ጠፍቷል። ትምህርቱ ሁለት ነው፤ መፍትሔው ከእግራችን ሥር ሊኖር ይችላል፤ በሚታመን ምርመራ ካልታገዘ ግን ከእግራችን ሥር እንዳለ ይቀራል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

ታዲያ ከየት ይጀመር? ተረታችን መልሱን ይዟል። ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከከሰሉ የሚቀድም ሥራ አለ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ መሸጥ የለበትም። በእርሻ ካምፖች መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ የባለ እርሻው ግዴታ ሆኖ መፈተሽ አለበት። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሽንት ቤት ውስጥ መጣሉ ቀርቶ ወደ ጤና ተቋሙ ተመልሶ በሥርዓት መወገድ አለበት። ወደ ወንዙ ያልገባን መድኃኒት ከወንዙ ማውጣት አያስፈልግም።

ሁለተኛው እርምጃ ከሰሉን ቅሪቱ በወፈረበት ቦታ መትከል ነው። ወንዝን ማጣራት አይቻልም፤ ከሆስፒታል የሚወጣን ቦይ ግን ይቻላል። የመድኃኒት ቅሪት ከብዙ ውኃ ጋር ሳይቀላቀል በፊት የሚገኘው በሆስፒታሎች፣ በጤና ጣቢያዎችና በመጠለያ ክሊኒኮች ፍሳሽ ውስጥ ነው። ፍሳሹ በማጠራቀሚያ ጉድጓድ ዘቅጦ፣ በአሸዋ ተጣርቶ፣ በመጨረሻ በከሰሉ በርሜል ቢያልፍ ሥራው በጥቂት ቦታ ይወሰናል፤ ለመለካትም ይመቻል። አሸዋው የግድ ነው። ደፍራሽ ውኃ በቀጥታ ከሰሉ ላይ ከፈሰሰ ቀዳዳዎቹን ጭቃ ይደፍናቸዋል።

ሦስተኛው ጥገና ነው። በዚህ ረገድ ከስምጥ ሸለቆ የምንማረው አለ። ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ለማጣራት በአካባቢው ከእንስሳት አጥንት የሚዘጋጅ ከሰል ሥራ ላይ ውሏል፤ የስዊዘርላንዱ የውኃ ምርምር ተቋም ኤዋግም በዚህ ሥራ ከኢትዮጵያውያን ጋር ተባብሯል። የአጥንቱ ከሰል ፍሎራይድን ይይዛል፤ የያዘው ሲሞላ ግን ማጣሪያው በዓይን ሲያዩት እንደ ነበረ ነው፤ ውኃውም ጣዕሙ አይለወጥም። መቼ እንደሚቀየር የሚለካ፣ ለመቀየሪያው የሚከፍል አካል ከሌለ በርሜሉ ለይስሙላ ይቆማል። የመድኃኒት ማጣሪያም ዕጣው ይኸው ነው። ስለዚህ በርሜሉ ከመተከሉ በፊት ቀያሪው፣ ለኪውና ከፋዩ በስም መታወቅ አለባቸው። የሞላው ከሰልም መድኃኒቱን ተሸክሟልና በማሳ አይበተንም፤ ከፍተኛ ሙቀት ባለው የጤና ተቋም ማቃጠያ መወገድ አለበት።

ለቤተሰብ ደግሞ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ለቡና ማፍሊያ የምንገዛው ከሰል የነቃ ከሰል አይደለም፤ እንስራ ውስጥ ጨምሮ ውኃ ጠራ ማለት ራስን ማታለል ነው። የነቃውም ቢሆን የኮሌራን ጀርም አይገድልም። እንዲያውም ክሎሪንን ከውኃ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ማጣሪያ ያለው ሰው ውኃ አጋርን ወይም ሌላ ክሎሪን የሚጨምረው ውኃው ከከሰሉ ከወጣ በኋላ ነው። ማጣሪያ የሌለው አፍልቶ ወይም ክሎሪን ጨምሮ ይጠጣ። ለመተማ ቤተሰብ የዛሬው ትልቁ አደጋ ተቅማጥ ነው፤ ስለ መድኃኒት ቅሪት መነጋገራችን ይህን ሊያስረሳን አይገባም።

ወጪውን ማን ይሸፍን? አውሮፓ ይህን ጥያቄ በሕግ መልሷል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የከተማ ፍሳሽ ሕግ፣ መድኃኒትና የመዋቢያ ምርት አምራቾች እንዲህ ያለውን ቅሪት ለማጣራት ከሚወጣው ተጨማሪ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን እንዲሸፍኑ ይደነግጋል፤ አምራቾቹ ቢከራከሩበትም መርሑ ግልጽ ነው። ስዊዘርላንድም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ማጣሪያዎቿን በኦዞን ወይም በነቃ ከሰል እንድታሻሽል በሕግ ወስናለች። እኛ ያን ያህል አቅም የለንም። ግን መድኃኒት አስመጪው፣ ፋብሪካው፣ ሠራተኛ የሚያሰማራው ባለ እርሻና ስደተኛ የሚረዳው ድርጅት ለሚያስከትሉት ፍሳሽ ድርሻቸውን ማዋጣት እንደሚገባቸው ከአሁኑ ማሳወቅ አያስቸግርም።

ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ ሽንፋ ደግሞ ራሃድ። የአትባራን ውኃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ አቁሮ በምሥራቅ ሱዳን ብዙ ሕዝብ ያርስበታል፣ ይጠጣዋል። ከጦርነት ሸሽቶ መተማ ላይ የተጠለለው ሱዳናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚጠብቀው ይኸው የእኛው ውኃ ነው። ንጹሕ አድርጎ መላክ የጉርብትና ሥርዓት ነው።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ልኬት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በካላ-አዛር ምርምርና ሕክምና የካበተ ልምድ አለው፤ ቆላውንም በሽታውንም ያውቃል። የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ሰሊጡንና አገዳውን ያውቃል። ሁለቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ አንዱ የጓንግንና የሽንፋን ውኃ በክረምትና በበጋ፣ ከከተማ በላይና ከከተማ በታች ቢለካ፣ ሌላው ከሰሊጥና ከጥጥ አገዳ የሚወጣው ከሰል የትኛውን መድኃኒት ምን ያህል እንደሚይዝ ቢፈትሽ፣ በአንድ የምርት ዘመን ውስጥ ከግምት የምንወጣበት መረጃ በእጃችን ይገባል። ዞኑና ክልሉ አንድ ጤና ተቋም መርጠው ለሙከራው በር ይክፈቱ። ገበሬውና ባለ እርሻውም የሚጠየቁት ቀላል ነገር ነው። በመጪው ጥቅምት ሰሊጡ ተራግፎ ማሳው ከመለኮሱ በፊት፣ ለሙከራው አራት ኩንታል አገዳ ለይተው ያስቀምጡ።